ያልታጠበው ኩባያ

ሬሳው ከድንኳኖቹ ሰማንያ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ አንዲት ግራር ሥር በቀኝ ጎኑ ተጣጥፎ ነበር። መቶ አለቃ ያረጋል እርምጃውን አንድ ጊዜ ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ ሲመለስ ቆጠረና በደብተሩ ጻፈ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከሟቹ አፍ የሚወጣው ሽታ የጥጥ ማሳ በተባይ መድኃኒት ሲረጭ ነፋስ ወደ መንገድ ይዞት የሚመጣው ነው። በመተማ ቆላ አንድ ወቅት የከረመ ሰው አይስተውም።

ሟቹ ባፈና ይባላል፤ በረሃውን እንደ መዳፉ የሚያውቅ መንገድ መሪ ነበር። ታኅሣሥ 1974 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት እርሻው ከወዳጅ አገር የመጡ አራት የትራክተር ባለሙያዎችን ለሦስት ቀን የበረሃ ጉብኝት አውጥቶ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ሸራ ድንኳን ተክሎላቸዋል። ቀን በግመል እየዞሩ አውሬ ያያሉ፤ ማታ ፍየል ይጠበሳል፣ ማሲንቆ ይመታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንግዶቹን የሚቀሰቅሳቸው ባፈና ነበር። አልቀሰቀሳቸውም።

«የምትጽፈው ብዙ የለም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ነገሩ ያለቀ ነው።»

ይህን ያለው ጓድ ደምለው ነው፤ የእርሻው ካድሬ። ውጭ አገር ተምሮ የእንግዶቹን ቋንቋ ስለሚያውቅ አስተርጓሚያቸውም እርሱ ነበር። እንግዶቹን ገና በማለዳ ወደ ጎንደር ሸኝቷቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጫማው ግን ተወልውሏል።

«ያለቀው ምን ተገኝቶ ነው?» አለ ያረጋል።

ደምለው ወደ ጭነት መኪናው አመለከተ። ጀላቢያ የለበሰ ቀጭን ሰው እጁን በገመድ ታስሮ ጎማው ሥር ተቀምጧል። ግመሎቹን ያከራየው ኢድሪስ ነው።

«ትናንት ራት ላይ ለእንግዶቹ የግመል ወተት አልቦ ነበር። እኔና ባፈናም አብረናቸው ጠጣን። ለባፈና ግን ለብቻው ቀድቶ ሰጠው። ኩባያው ይኸውልህ፣ ከራስጌው አልተነሳም።»

ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ታችኛው ግማሽ ነጭ ነገር ደርቆበታል።

«ባፈና የግመል ወተት ጠጣ?»

«ጠጣ! ምን ይገርማል?»

«አንገቱ ላይ ማተብ አለ።»

«ማተብ ያሰረ ሁሉ ጾመኛ ነው እንዴ?»

ያረጋል ብዕሩን አቆመ። «ስለ ጾም አልጠየቅሁህም፣ ጓድ ደምለው። ክርስቲያን የግመል ነገር አፉ አያስገባም ብዬ ነው።»

ደምለው ኮሌታውን አስተካከለ። «የሆነ ሆኖ፣ ባሥር ሰዓት የደህንነት መኪና ይመጣል። የዚህ ሰው ወንድም ገላባት ነው የሚኖረው፤ ሱዳን። ሰርጎ ገብ መሆኑን ነግሬአቸዋለሁ። አንተ ሬሳውን አስነሳ።»

ያረጋል ሰዓቱን አየ። አራት ከሩብ። ባለፈው ዓመት ለዚያች መኪና ሁለት ሰው አስረክቧል። ስማቸው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። አንዳቸውም አልተመለሱም፤ የአንደኛው ሚስት እስካሁን ሰኞ ሰኞ ጣቢያው በር ላይ ትቀመጣለች። ኢድሪስ እዚያች መኪና ላይ ከወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ማስረጃ ለማንም አይጠቅምም።

በጭነት መኪናው ላይ ለሽንፋው ጥጥ የተጫኑ ሁለት የመድኃኒት ጣሳዎች አሉ። የአንደኛው ክዳን ተፈልቅቋል። መኪናው ሜዳ ላይ ነው ያደረው፤ በካምፑ ያለ ሰው ሁሉ እጁ ይደርሳል።

ኢድሪስ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ስምህ?»

«ኢድሪስ ሙሳ።»

«ስንት ግመል አለህ?»

«ሰባት። አንዷ የምትታለብ።»

ያረጋል የሚያየው ፊቱን አልነበረም። ፊት መደበቅ ይለመዳል። የሰውየውን እጅ ነበር የሚያየው። አውራ ጣቱ በታሰረበት ገመድ ላይ አርፏል፤ አይንቀሳቀስም።

«ባፈናን ከዚህ ጉዞ በፊት ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም፣ ወላሂ።»

አውራ ጣቱ ገመዱን ተከትሎ ሄደ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ትናንት ወተት ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁትም። ቢሰጡትስ ይጠጣል? እናንተ አትጠጡም። ለፈረንጆቹ አራት ኩባያ አለብሁ፤ ሁለቱ ተፉት፣ ሁለቱ ጨረሱት። ሌላ ያለብሁት የለም።»

አውራ ጣቱ ቆሟል።

ያረጋል በደብተሩ ሁለት መስመር ጻፈ፦ *ወተቱን አልሰጠም። ሟቹን ያውቀዋል።*

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለው።

ኢድሪስ አንገቱን ደፋ። «ሚስቴን ሐሚዳን ግመሎቹን ትውሰድ በላት። ውሃ አልጠጡም» አለ።

ያረጋል አንዲቱን ግመል አሳለበና ወተቱን በሌላ የቆርቆሮ ኩባያ ቀድቶ አስደፋ፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። በአንድ ሰዓት ጊዜ ደረቀ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አየ። የወተቱ ቅሪት ወዛም ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጉንዳን ወሮታል። ከሟቹ ራስጌ የተገኘው ደግሞ እንደ ኖራ ይፈረፈራል፤ ጉንዳን አልቀረበውም። ጉንዳኑ የሸሸው መርዙን ሊሆን ስለሚችል ይህኛውን ለማስረጃ አልቆጠረውም። ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ የኩባያውን ሥር በክብሪት እንጨት ፋቀ። ቡናማ ስባሪ ወጣ፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ፣ ጠንካራ። ሌላም ተገኘ። ሦስተኛም።

ግመል የእህል ገለባ አታልብም።

ስባሪውን በጣቶቹ መሐል አሽቶ አወቀው። ሱፍ ነው። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ታሽቶ የሚጠለል፤ ሲጠለል ወተት የሚመስል። የጾም መጠጥ። ወሩ ደግሞ የገና ጾም ነው።

እንግዲህ ደምለው ዋሽቷል።

አዝማሪው አዛናው ማሲንቆውን ታቅፎ ከድንኳኑ ጥላ ተጋድሟል። መቶ አለቃውን ሲያይ ተነሳ።

«እኔን ጠርጥረኸኝ እንዳይሆን፣ ጌታው! እኔ ሰው የምገድል በግጥም ነው።»

«ትናንት በግጥምህ የሞተ አለ?»

«አንዱ ፈረንጅ ለትንሽ ነው የተረፈ። እስክስታ ብሎ ሲወርድ ወገቡ ተያዘ። አራት ሆነን አነሳነው።»

«ወተቱ ሲጠጣ ጓድ ደምለው እሳቱ ዘንድ ነበር?»

አዛናው ማሲንቆውን ከጭኑ ላይ አወረደ። «ኧረ ተወኝ።»

«ኢድሪስን ታያለህ?»

አዛናው አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። «አልነበረም» አለ። «እንግዶቹ ወተቱን ሲቀምሱ የሚያስተረጉም ጠፍቶ በጥቅሻ ነበር የምንግባባ። ፍየሉም ሲቆረስ አልነበረም። ትናንት ብቻ አይዶለም፤ የመጀመሪያውም ማታ እንደዚሁ። ራት ሲቀርብ ይጠፋል፤ ራት ሲያልቅ አፉን እየጠረገ ይመጣል።»

ያረጋል ከወጥ ቤቱ ድንኳን ጀርባ ዞረ። አሸዋው ላይ የደምለው ጫማ ዱካ አለ፤ ተረከዙ ላይ ኮከብ የመሰለ ምልክት። ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ከዚያ ወደ ጭነት መኪናው የሄደ ዱካ ፈለገ። አልነበረም። ቢኖር ነገሩ ባለቀ ነበር።

ሰባት ሰዓት አለፈ። ደምለውን ወደ ወንዙ ዳር ይዞት ወረደ፤ ደብተሩን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ቆልፎ ነበር።

«እስካሁን ባለኝ ማስረጃ ገዳዩ አንተ ነህ» አለው።

«ምን?»

«ወተት ጠጣ አልከኝ፤ የጠጣው ሱፍ ነው። አብሬው ጠጣሁ አልከኝ፤ እሳቱ ዘንድ አልነበርክም። ወጥ ቤቱ ጀርባ ዱካህ አለ። ሰው አስረህ ባሥር ሰዓት ልታስወስድ ነው። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ማንን ታስራለህ?»

ደምለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እናቴ ገና ሳልወለድ የተሳለችው ስለት አለ» አለ በመጨረሻ። «የገና ጾም እንዳልገድፍ አስምላኛለች። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዬ በሁዳዴ ሽሮ ሲበላ ታይቶ በስብሰባ ተገመገመ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እና እኔ... ወጥ ሠሪዋ ታንጉት ጓዳ ገብቼ ሽሮዬን እበላለሁ፣ ሱፌን እጠጣለሁ፤ አፌን ጠርጌ እወጣለሁ። ታንጉት ለሰው አትናገርም።»

«ባፈናስ?»

«እርሱም ጾመኛ ነበር። ግን እርሱ መንገድ መሪ ነው፤ ማን ይጠይቀዋል? ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ በግልጽ ይበላ ነበር። ጠዋት ሬሳውን ሳይ፣ ሱፍ ነው ብል፣ በምን አወቅህ፣ አንተስ የት ነበርክ እባላለሁ። ወተት ነው አልሁ። አንዴ ካልሁ በኋላ...» እጁን ወደ ጭነት መኪናው ዘረጋና መልሶ አጠፈው።

«አንዴ ካልህ በኋላ ሰው አሠርህ።»

«ትጽፈዋለህ?»

ያረጋል የደረት ኪሱን አልከፈተም። «የአንተን ሱፍ ማን ሰጠህ?»

«ታንጉት። እንደ ልማዷ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የሰጠችኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነች፤ የቀመሰችውን ነው የምትሰጥ።»

«ለባፈናስ ቀመሰች?»

«እኔ ውስጥ ነበርሁ። እርሱ ደጅ ነው።»

አዛናው ግን ደጁን ያይ ነበር፤ ያረጋል ተመልሶ ጠየቀው።

«አልቀመሰችም» አለ፣ አሁን ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት። «አዎ፣ ደንቆኛል። ኩባያውን መሬት አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ሰው ለሰው እንዲያ አይሰጥም። ለውሻም እንዲያ አይሰጥም።»

«በመካከላቸው ጠብ ነበር?»

«እንኳን ጠብ ንግግርም የላቸው። ከመጀመሪያው ማታ ወዲህ ጭራሹን አላናገረችውም።»

«የመጀመሪያው ማታ ምን ሆነ?»

አዛናው የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ ነካ፤ ድምፅ ሳያወጣ ለቀቀው።

«ባፈና ተረከ። ጓድ ደምለው ነው ለእንግዶቹ የበረሃ ጀብዱ አጫውታቸው ያለው። በሰባ ዓ.ም. ወደ ሱዳን የሚሸሹ ተማሪዎች መንገድ ምራን ብለው ይቀጥሩት ነበር አሉ። እርሱ ደግሞ ውሃቸው እስኪያልቅ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ያዞራቸውና አብዮት ጥበቃ ይጠራባቸዋል። አንዲቱ ሴት ልጅ ግን ጥበቃው ሳይደርስ ወደቀች። መንገድ ላይ የተገኘ ግመለኛ ወተት ሲሰጣት፣ ጾም ነው፣ የግመልም ነው ብላ እምቢ አለች። ‹አብዮተኛ ነኝ ባይዋ በወተት እምቢታ ሞተች!› ብሎ ሳቀ። ከረጢቷንም አወጣና አሳየን፤ ከተማሪ ልብስ የተሰፋች ሰማያዊ። ዛሬም በሶዬን የምይዘው በእርሷ ነው አለ።»

«እንግዶቹስ?»

«ሳቁ። ጓድ ደምለው ምን ብሎ እንደተረጎመላቸው እንጃ። የዚያን ጊዜ ነው ከወጥ ቤት በኩል ሳህን የተሰበረው።»

ያረጋል የሟቹን ንብረት የመዘገበበትን ገጽ ገለጠ። ቢላዋ፣ ኮዳ፣ ጋቢ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ። ከረጢት የለም።

ወይዘሮ ታንጉት ከድንኳኗ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አምሳ ዓመት የሞላት፣ እጇ በሥራ የሻከረ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ድስቱ ሁሉ በአሸዋ ተፈትጎ ተደፍቷል፤ ኩባያዎቹ በመጠናቸው ተደርድረዋል። ነጠላዋ ጭኗ ላይ የሆነ ነገር ሸፍኗል።

ያረጋል ሰማያዊውን ኩባያ ከፊቷ አስቀመጠ።

«እትዬ ታንጉት፣ ሁሉንም አጥበዋል። ይህች ለምን ቀረች?»

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለች፣ እንደ መገላገል ባለ ድምፅ። «ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ስቀቅል፣ ለሰው ሳጥብ ኖሬአለሁ። ኩባያ ረስቼ የማድር ይመስልሃል፣ ልጄ?»

«ሆን ብለው ተዉት።»

«ኢድሪስ ወተት ሲያልብ አይቼ ነበር። በዚያ ምስኪን እንዳያሳብቡ፣ ያየ ሁሉ ሱፍ መሆኑን ይወቅ ብዬ ተውሁት። ሱፍን ከወተት የማይለይ ክርስቲያን ይገኛል ብዬ በየት በኩል ላስበው? ደምለው ከእኔው ጓዳ ሱፍ ጠጥቶ ወጥቶ ወተት ነው አለ።»

«ኢድሪስ ሲታሰር ለምን ዝም አሉ?»

ነጠላዋን ገለጠች። ሰማያዊ ከረጢት ነው፤ ጎኖቹ በቀይ ክር ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰፍተዋል።

«መኪናው ሲደርስ ልናገር ነበር። እስከዚያ እንኳ ይዣት ልዋል ብዬ ነው። የልጄ ናት፤ አይናዲስ ትባላለች። መጽሐፍ እያበዛች ትቀድደው ስለነበር ነው ድርብ የሰፋሁት። ዘመድ ልጠይቅ ብላ ወጣች፤ አራት ዓመት ሱዳን ናት ብዬ ጠበቅሁ። ደብዳቤ ያላከች ተቀይማኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።»

ያረጋል አልጻፈም።

«መርዙን ከመኪናው የወሰዱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አልክድም። ግን ሁለት ነገር አለ፣ ልጄ።» ከረጢቱን በመዳፏ አለሰለሰችው። «አንደኛው፣ የት እንደወደቀች ሳልጠይቀው ገደልሁት። እርሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሁለተኛው፣ ጾም አትግደፊ፣ የግመል ነገር አፍሽ እንዳይገባ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እርሱ አዞራት፤ የጨረስኋት ግን እኔ ነኝ።»

የደህንነት መኪና ባሥር ሰዓት ደረሰች። ያረጋል ወረቀቱን ሰጣቸው፦ የግል ቂም፤ ተጠርጣሪዋ አምናለች፤ ከውጭ ኃይል ጋር የተያያዘ ነገር አልተገኘም። ወፍራሙ ሰውዬ አንብቦ አዛጋ። የግል ቂም አይመለከተውም። መኪናዋ ያስነሳችው አቧራ ሳይረግብ ተመለሰች። የጓድ ደምለው ራት በወረቀቱ ውስጥ አልነበረም። ደምለው ግን እጅ ሊነሳው ሲመጣ ያረጋል ፊቱን አዞረበት።

የኢድሪስን ገመድ ራሱ ፈታው።

«ባፈናን ታውቀው ነበር» አለው።

ኢድሪስ የእጁን ሰንበር አሻሸ። ወጥ ቤቱ ደጅ የተቀመጠችውን ሴት አየ፤ ከረጢቱንም አየ። «ወተት የሰጠሁት ግመለኛ እኔ ነኝ። መንገዴን ሄጄ ስመለስ እርሱ የለም፣ ልጅቱም አልፋለች። አፈር አለበስኋት። ለሸሸ ሰው ወተት መስጠት ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ አላውቅም፤ ስለዚህ ዝም አልሁ።»

«ቦታውን ታሳየናለህ?»

ከሸሕዲ መንገድ ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት ጉዞ ነው። የፖሊስ ላንድሮቨሩ ኢድሪስን ተከትሎ በቀስታ ሄደ። ግንዱ ሦስት ሰው የሚያቅፈው ዲማ ዛፍ ሥር አንድ የድንጋይ ክምር አለ፤ እባብ እንዳይገባው ጥግ ጥጉ በጠጠር ተጠቅጥቋል። ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ታንጉት ወርዳ ተንበረከከች። አላለቀሰችም። ከረጢቱን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች።

«አንተ» አለች ዞር ሳትል። «እውነቱን ንገረኝ። እምቢ አለችህ?»

ኢድሪስ የግመሉን ልጓም ይዞ ቆሟል።

«ጠጥታለች፣ እናቴ» አለ። «እርሱ ምን ያውቃል፣ ርቆ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጎነጨች። ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለችኝ። ከዚያ ደክሟት ተኛች። በጥም አልሄደችም።»

ታንጉት ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ትከሻዋ ያን ጊዜ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው።

ያረጋል ከልማድ የተነሣ ወደ ኢድሪስ እጅ አየ። አውራ ጣቱ ልጓሙን ተከትሎ ሄደ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

መቶ አለቃው ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እስክትጨርስ ሊጠብቃት ወደ ላንድሮቨሩ ብቻውን ተመለሰ። እርምጃውን አልቆጠረም።